ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? ሚያዝያ 27ስ ለምን ሁለት ጊዜ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ አስተባብራለሁ። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት "ታሪክ በዛሬዋ ዕለት" የሚል አጭር ዝግጅት አለን። ተማሪዎቹ በዕለቱ የተፈጸመውን፣ የተወለደውንና የሞተውን ሰብስበው ያነባሉ። ለሚያዝያ 27 ባዘጋጁት ጽሑፍ ላይ ፋሺስት አዲስ አበባ የገባበት 1928፣ ንጉሡ የተመለሱበት 1933፣ ካርል ማርክስ የተወለደበት፣ ናፖሊዮን የሞተበት ተብሎ ተደርድሯል። አንድ ተማሪ ደግሞ "ዓድዋ በፈረንጅ ማርች 1 ነው ይላል፤ እኛ የምናከብረው ማርች 2 ነው፤ አንድ ቀን ተሳስተናል ማለት ነው" ብሎ ተነሳ። መልስ አጣሁለት። የቱ ነው ትክክል? ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ መምጣቱስ አጋጣሚ ነው? ዝርዝሩን እንዴት እናዘጋጀው?»

ከተማሪው ልጀምር። ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው፤ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። የተሳሳተ ቀን እያከበርን አይደለም። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህ አያከራክርም። ያ ዕለት በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ እሱም ልክ ነው። ዛሬ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው፤ ይህም ልክ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው። አንዱን ለማጽደቅ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

እንዴት ሊሆን ይችላል? የኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን 6 ያደርጋል። አንድም ጊዜ አይዘልም። ፈረንጆቹም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ባወጁት ማሻሻያ መሠረት በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ያቺ ተጨማሪ ቀን ትቀራለች። 1900 ለ400 አይካፈልም። ስለዚህ በዚያ ዓመት እነሱ አንድ ቀን ሲዘሉ እኛ አልዘለልንም፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀትም በአንድ ቀን ሰፋ። ዓድዋ ከዚያ በፊት ነው፣ እኛ ያለነው ከዚያ በኋላ። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም ለውጥ አላመጣም። በ2100 ግን ርቀቱ እንደገና ይሰፋል። ያኔ የዓድዋ በዓል ማርች 3 ላይ ይውላል፣ እንቁጣጣሽም እንደ አሁኑ ሴፕቴምበር 11 መሆኗ ቀርቶ በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ትሆናለች። የካቲት 23 ግን የካቲት 23 ነው።

ተማሪዎቹ በዓይናቸው እንዲያዩት ከፈለጉ የሳምንቱን ቀን ይጠቀሙ። ዓድዋ እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው የተደረገው። ስልካቸው ላይ ያለውን የፈረንጅ ካላንደር ወደ 1896 ይመልሱና ይዩት፤ እሑድ የሚሆነው ማርች 1 ነው፣ ማርች 2 ሰኞ ነው። በቃ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። የሳምንቱ ቀን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የማይለወጥ ብቸኛው ነገር ስለሆነ ለማጣራት ከሱ የተሻለ መሣሪያ የለም። ምንጫቸው የሳምንቱን ቀን ከጠቀሰላቸው ሁልጊዜ በሱ ይፈትኑ። በወሩ ውስጥ የሚታሰቡት በዓላትም እንዲሁ ይረዳሉ፦ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። የድሮ ጸሐፊ «በሚካኤል ዕለት» ካለና መጽሐፉ ላይ 13 ተብሎ ከታተመ፣ አንዱ ቦታ ላይ ስህተት ገብቷል ማለት ነው።

ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ ዓድዋን ብቻ የሚነካ እንዳይመስላቸው። አጼ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። የውጭ መጻሕፍት በሙሉ ማለት ይቻላል ጁላይ 23 ቀን 1892 ብለው ይጽፉታል። ሐምሌ 16 ዛሬ የሚውለው በርግጥም ጁላይ 23 ላይ ነው። በ1892 ግን የሚውለው ጁላይ 22 ላይ ነበር። ቁጥሩን ከዓድዋ ጋር ያስተያዩት፤ ሁለቱም ከ1900 በፊት ናቸው፣ አንዱ በትክክል ተቀይሯል፣ ሌላው በዛሬው ሰንጠረዥ ተቀይሮ ቀርቷል። ራስ ተፈሪያውያን ልደታቸውን በጁላይ 23 ማክበራቸው ምንም ችግር የለበትም፤ ሐምሌ 16 ዛሬ የሚውልበት ዕለት እሱ ነውና። ነገር ግን የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ላይ ሲወጣ «ሐምሌ 16 ቀን 1884» ብሎ ማቆም ነው የሚበጀው። የአጼ ምኒልክን ልደት ስናይ ደግሞ በትክክል ተቀይሮ እናገኘዋለን፦ ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ በፈረንጅ ኦገስት 17 ቀን 1844። ነሐሴ 12 ዛሬ ኦገስት 18 ላይ ስለሚውል አንድ ተማሪ መጥቶ «ይህም ተሳስቷል» ሊል ይችላል። አልተሳሳተም። አጼ ቴዎድሮስም እንዲሁ። መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፤ ዛሬ ሚያዝያ 6 የሚውለው ኤፕሪል 14 ላይ ነው።

አሁን ወደ ማርክስና ናፖሊዮን። እነሱን ከሚያዝያ 27 ላይ ያውጧቸው። ማርክስ ትሪየር ከተማ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 1818 ነው። ናፖሊዮን በሴንት ሄለና ደሴት የሞተው ሜይ 5 ቀን 1821 ነው። ሜይ 5 ዛሬ ሚያዝያ 27 ላይ ስለሚውል ተማሪዎቹ ሁሉንም ወደ ሚያዝያ 27 አምጥተዋቸዋል። ነገር ግን ሁለቱም ከ1900 በፊት ናቸው። ማርክስ የተወለደ ዕለት እኛ ጋ ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ነበር፤ ናፖሊዮን የሞተ ዕለት ሚያዝያ 28 ቀን 1813። ሁለቱ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከኛ ሚያዝያ 27 ጋር ግን አይገናኙም። ሜክሲኮ የፈረንሳይን ጦር ፑዌብላ ላይ ያሸነፈችበት ሜይ 5 ቀን 1862ም እንደዚሁ ሚያዝያ 28 ነው የሚሆነው። (ይህን ድል ስለ ዓድዋ ሲያወሩ ቢያነሱት ይሻላል፤ አንድ ያልተጠበቀ አገር የአውሮፓ ጦርን ያሸነፈበት ነው፣ ተማሪዎቹም ማወቅ አለባቸው።)

ሚያዝያ 27 ላይ በትክክል የሚያርፉ የውጭ ክስተቶች ከፈለጉ ከ1900 ወዲህ ያሉትን ይውሰዱ። ኔዘርላንድስ ከናዚ ጀርመን ነፃ የወጣችበትን ቀን በየዓመቱ ሜይ 5 ታከብራለች፤ በ1945 የጀርመን ጦር እጁን ለመስጠት ንግግር ያደረገበት ዕለት ነው፣ እኛ ጋ ሚያዝያ 27 ቀን 1937። አሜሪካዊው አላን ሼፐርድ ወደ ጠፈር የወጣውም ሜይ 5 ቀን 1961 ነው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1953። የሁለት አገሮች የነፃነት በዓል፣ ሁለቱም ከፋሺዝም የተላቀቁበት፣ በአንድ ዕለት መዋሉ በኔ እምነት ከማርክስ ልደት ይልቅ ለሰልፍ ሰዓት የሚገባ ነገር ነው።

ከዚህ አንድ ጠቅላላ ነገር ይወጣል፣ ተማሪዎቹ ይህን ከያዙ ሌላው ሁሉ ይቀላል። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዕለት የሆኑ ሁለት ነገሮች በየትኛውም አቆጣጠር ቢቆጠሩ አብረው ናቸው። አብርሃም ሊንከንና ቻርለስ ዳርዊን ሁለቱም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ተወለዱ። ወደኛ ሲመጡ ሁለቱም የካቲት 6 ቀን 1801 ላይ ያርፋሉ። አይለያዩም። በተለያየ ዓመት፣ ግን በአንድ ቀን ላይ የዋሉ ነገሮች ግን ግጥጥማቸው ያለው በተቆጠሩበት ካላንደር ውስጥ ብቻ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የነበሩት ጆን አዳምስና ቶማስ ጀፈርሰን የሞቱት ጁላይ 4 ቀን 1826፣ የነፃነት ዐዋጁ በጸደቀ ልክ በ50 ዓመቱ ነው። አሜሪካኖች ይህን እንደ ተአምር ነበር ያዩት። በኛ ካላንደር ብንቆጥረውስ? ዐዋጁ የጸደቀው ሰኔ 29 ቀን 1768፣ ሰዎቹ የሞቱት ሰኔ 28 ቀን 1818። በመካከላቸው የ1800 መቶኛ ዓመት አለ፤ ፈረንጆቹ እዚያም አንድ ቀን ዘለዋል። ተአምሩ ተበተነ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ እነሱ በራሳቸው ካላንደር ነው የሚኖሩት፣ በሱ ላይ ቀኑ አንድ ነው። እኛ ግን ግጥጥሙን ጁላይ 4 ዛሬ ወደሚውልበት ወደ ሰኔ 27 ገልብጠን ካነበብነው በየትኛውም አቆጣጠር ያልነበረ ነገር ፈጠርን ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ሼክስፒርና የስፔኑ ሰርቫንቴስ ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ ይባላል፤ ዩኔስኮም ኤፕሪል 23ን የመጻሕፍት ቀን ሲያደርግ ይህን ይዞ ነው። ነገር ግን ያኔ ስፔን ወደ አዲሱ አቆጣጠር ገብታለች፣ እንግሊዝ ገና አልገባችም፤ የገባችው በ1752 ነው። ስለዚህ የሼክስፒር ኤፕሪል 23 ከሰርቫንቴስ ኤፕሪል 23 አሥር ቀን በኋላ ነው። ሰርቫንቴስም ኤፕሪል 22 ሞቶ የተመዘገበው በተቀበረበት በ23 ነው። ቀኑ አንድ፣ ዕለቱ ሌላ። የሩሲያው የጥቅምት አብዮትም በነሱ ኖቬምበር ይከበር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሩሲያ የድሮውን አቆጣጠር የተወችው በ1918 ነው። እንግዲህ የ1500ዎቹንና የ1600ዎቹን የአውሮፓ ቀኖች ያለ ጥንቃቄ መንካት አደጋ አለው። የኔ ምክር ለሰልፍ ሰዓት ጭራሽ እንዳይነኳቸው ነው።

ሌላው በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ያደባልቀዋል። ጳጉሜ 6 ከሆነች መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጁ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋሉ፤ ፌብሩዋሪ 29 ስትመጣ ሂሳቡ ይካካሳል። የካቲት 23 ከዚያ በኋላ ስለሚመጣ በየትኛውም ዓመት ማርች 2 ነው። የካቲት 12 ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በአብዛኛው ዓመት ፌብሩዋሪ 19 ላይ ይውልና በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ከዘመነ ሉቃስ በሚቀጥለው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 20 ይሆናል። በ2016 እንዲያ ነበር። ገናም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረው በዚሁ ሂሳብ ነው። መስከረም 1ም እንደዚሁ ነው። የኒውዮርኩና የዋሽንግተኑ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት የደረሰው መስከረም 1 ቀን 1994፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለበዓል በተነሱበት ማለዳ ነው ያ መዓት የወረደው። ሆኖም ሴፕቴምበር 11 ሁልጊዜ እንቁጣጣሽ አይደለም፤ በ2015 ማብቂያ ላይ ጳጉሜ 6 ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ሚያዝያ 27 ሁለቴ መሆኑ አጋጣሚ ነው? አይደለም። ተማሪዎቹ ከዝርዝሩ ሁሉ ይህን በደንብ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

በ1928 ማይጨው ላይ የተደረገው ውጊያ መጋቢት 22 ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ንጉሡ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ባለቤት አጥታ ስትዘረፍና ስትቃጠል ሰነበተች። የጣሊያኑ ማርሻል የባዶሊዮ ጦር ሚያዝያ 27 ገባ። ይህ ቀን በኛ ምርጫ የመጣ አይደለም፤ የጠላት ጦር የደረሰበት ቀን ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ከሱዳን ተነስተው ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት የረገጡት ጥር 12 ቀን 1933 ነው። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው፤ ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ፣ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የከኒንግሃም ጦር ያን ዕለት ገባ። ንጉሡ ያኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ናቸው። እንግሊዞች ቶሎ ወደ ከተማው እንዲገቡ አልፈለጉም፤ በከተማው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች ስላሉ ሁከት ይነሳል የሚል ምክንያት ይዘው ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች አንድ ወር ገደማ አልፏል። ንጉሡ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማዋ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ ጠላት በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ። ጦርነቱ በዚያ ቀን እንዲገቡ አላስገደዳቸውም። ቀኑ የተመረጠ ነው። የሽንፈቱ ቀን በነፃነት ቀን እንዲሸፈን፣ ልጆች ሚያዝያ 27 ሲባል ባዶሊዮን ሳይሆን መመለሱን እንዲያስቡ ተብሎ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሚያዝያ 27 «ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወጣበት ቀን» አይደለም። ያን ዕለት ጦርነቱ አላለቀም ነበር። አምባላጌ ላይ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 11 ነው። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። አርበኞቹ በእነዚያ ወራት ሁሉ እየሞቱ ነበር። ደርግ በበኩሉ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዙሮት ነበር፣ ከተማዋ ነፃ ወደወጣችበት ዕለት፤ የንጉሡን መግባት ማክበር አልፈለገምና። ከደርግ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ተማሪዎቹ አያቶቻቸውን ሲጠይቁ «በኛ ጊዜ በመጋቢት ነበር» የሚል መልስ ቢያገኙ አይደናገሩ፤ አያቶቻቸው እውነታቸውን ነው። አንድ በዓል የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የሆነው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ከሆነው ነገር ውስጥ የትኛውን ማጉላት እንደተፈለገም ነው።

ልደትና ሞት በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚገናኙበትን ምሳሌ ከፈለጉ የካቲት 12 አለልዎት። ግራዚያኒ በዚያ ዕለት የአዲስ አበባን ድሆች ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግቢ፣ የሰበሰበው ኔፕልስ ላይ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ስለተወለደለት ምጽዋት ለመስጠት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል በከተማዋ ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ ነው የሰማዕታት ቀን ተብሎ የሚታሰበው። የሕፃኑ ልደት በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1937 ነው፤ በኛ የካቲት 5 ቀን 1929። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። «ፌብሩዋሪ»ን «የካቲት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ልደቱንም ጭፍጨፋውንም በአንድ ቀን ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ሁለቱም «የካቲት 12» ይሆኑበታል። እውነቱ ግን በመካከላቸው አንድ ሳምንት አለ።

ይህ የወር ስም አተረጓጎም ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፣ በየጋዜጣውም በየሬዲዮውም ይሰማል። ሜይ ግንቦት አይደለም። ሜይ 5ን «ግንቦት 5» ያለ ሰው ስምንት ቀን ስቷል፤ ግንቦት 5 የሚውለው ሜይ 13 ላይ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚጠቅሱ ከሆነ የፈረንጁን የወር ስም እንዳለ ይጻፉ፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይም እ.ኤ.አ. ይጨምሩ። ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩት፣ ወይ ጭራሽ አይንኩት። ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው ነው ልጆቹን የሚያጠፋው።

ስለ ልደት ቀኖችም አንድ ነገር ልበል። የሞት ቀን ከልደት ቀን ይበልጥ የሚታመን ነው፣ በተለይ እኛ አገር። ሰው ሲሞት ዐርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይታሰባል፣ ቤተሰቡም ቀኑን አይረሳውም። ሲወለድ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው «በሚካኤል ማግስት፣ ጥል በነበረበት ዓመት» የሚል ትዝታ ነው፤ ዓመቱ በግምት ይሞላል። ወደ አሜሪካና አውሮፓ በስደት ከሄዱት ወገኖቻችን ስንቱ ነው ወረቀቱ ላይ ጃንዩዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ የተጻፈበት! ልደታቸው ስላልተመዘገበ ነው እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን ተወልደው አይደለም። ስለዚህ የጥንት ሰው የልደት ቀን ካገኙ ሁለት ምንጭ ላይ ካላዩት አያንብቡት። ሞት ላይ ደግሞ የሞቱበትን ቀንና የተነገረበትን ቀን ይለዩ። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሞቱ የተባሉበት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ነው፤ ሕዝቡ የሰማው በማግስቱ ነው። የአጼ ምኒልክ ሞት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ ጭራሽ ተደብቆ ነው የቆየው።

ሌሊት ላይ የሆነ ነገርም ያስቸግራል። ፈረንጁ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ግን በተለምዶ ሳይነጋ ቀን ተቀየረ አንልም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሆነን ነገር አንዱ የትናንት፣ ሌላው የዛሬ ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ያለ ሲገጥማቸው «ለ... አጥቢያ» ብለው ይጻፉት፤ ጥሩ ቃል አለን።

«ግን በአንድ ቀን እንዲህ ብዙ ነገር መግጠሙ አይገርምም?» የሚል ተማሪ መኖሩ አይቀርም። አይገርምም። ክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች ይጠይቁ፤ 23 ልጆች ካሉ ሁለቱ በአንድ ቀን የመወለዳቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፣ 50 ካሉማ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል። ዓመቱ 366 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ የዓለም ታሪክ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ማንኛውንም ቀን ቢያነሱ አንድ ንጉሥ ተወልዶበታል፣ አንድ ጦርነት ተደርጎበታል፣ አንድ ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ግጥጥም ብቻውን ዜና አይደለም። «ይህ የሆነው በዚህ ቀን ምክንያት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው ቁም ነገሩ። ለሚያዝያ 27 መልሱ አዎ ነው። ለማርክስና ለናፖሊዮን አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምክንያት ባይኖረውም ለማንበብ የሚያስደስት አለ፦ አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ነው፤ ያን ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ደግሞ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ ፈገግ ይላሉ፣ ይበሉ። እንደ ትንቢት ብቻ አይቅረብላቸው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ዝርዝሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያዘጋጁ። ሌላ አማራጭ አለ፤ ሁሉንም በፈረንጅ ማድረግ ይቻላል፣ ከኢንተርኔት መገልበጥም ይቀላል። ግን አንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ዓድዋን በማርች 1 ማንበብ አልደግፍም። ሁለቱን አደባልቆ ማሰናዳት ደግሞ አሁን ያለባችሁን ችግር ነው የሚወልደው። በኢትዮጵያ ካደረጉት የአገራችን ክስተቶች ምንም መቀየር አያስፈልጋቸውም፣ ድሮም የተመዘገቡት በዚሁ ነው። የውጭዎቹን ብቻ አንድ በአንድ፣ ከነዓመታቸው፣ ይቀይሩ። ዓመቱን የማይጠይቅ መቀየሪያ አይጠቀሙ፤ ቀንና ወር ብቻ የሚወስድ ሰንጠረዥ ለዘንድሮ እንጂ ለ1818 አይሠራም። በእጅ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ከላይ ያልነውን የየአራት ዓመቱን ለውጥ ሳይረሱ፣ በፈረንጅ 1800ዎቹ ውስጥ የሆነ ነገር በዛሬው ሰንጠረዥ ከሚያገኙት የኢትዮጵያ ቀን ላይ አንድ ይጨምሩ፣ በ1700ዎቹ የሆነ ከሆነ ሁለት። ከዚያ በፊት ያለውን ይተዉት።

ቁጥሩንም ይቀንሱ። በአንድ ጠዋት አሥር ነገር ከማንበብ ሁለት ነገር ማንበብና ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይሻላል። ሚያዝያ 27 ላይ 1928ንና 1933ን ያንብቡ፣ ቀኑ ለምን እንደተመረጠ ይንገሯቸው፣ ጊዜ ከተረፈ የኔዘርላንድስን ይጨምሩ። ማርክስና ናፖሊዮን የግድ መነበብ አለባቸው የሚል ተማሪ ካለ በማግስቱ፣ በ28 ያንብብላቸው።

ደብተሩን ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚያቆዩት ከሆነ ከአሁኑ አንድ ማስታወሻ ይጻፉበት። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ስለዚህ በ2020 ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ስልኩ ላይ የሚያዩት የፈረንጅ ቀን ከለመዱት በአንድ ይበልጣል፣ የካቲት 12ም ፌብሩዋሪ 20 ላይ ይውላል። ተማሪዎቹ «ትናንት ነበር፣ አለፈን» ብለው ቢመጡ አይስሟቸው፤ የካቲት 12 በሆነበት ጠዋት ያንብቡ።